የማይሞቅ ሽቦ

ትናንት ካውያዬን የሰካሁበት የማራዘሚያ ገመድ እጄ ላይ ሞቀብኝ። ሌላ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ነቅዬው ቁጭ አልኩ። ምንም ሳይቃጠል ሽታው መጣብኝ፤ የሚቀልጥ ፕላስቲክ ሽታ፣ ጉሮሮ የሚይዝ።

ያን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ጅጅጋ፣ አክስቴ ቤት ነው። ከኤረር ለምን እንደመጣሁ ያኔም አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አክስቴና ባሏ ያስተምሩኛል፣ እኔ የቤቱን ሥራ እሠራለሁ።

መብራት በቀንም መምጣት የጀመረ ሰሞን የአክስቴ ባል ከድንበሩ ገበያ ከሐርተሼክ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስመጣ። የቤቱ መስመር የተዘረጋው ለአምፖል ብቻ ነበር። እሱ ግን ቢሮው ውስጥ ሁሉም የሚፈራው ሰው ስለሆነ ኤሌክትሪክም የሚፈራው ይመስለው ነበር። ከሳሎኑ አምፖል ላይ ቀጭን ገመድ ቀጠለና እስከ ማድ ቤት ጎተተው። "ሽቦ ሽቦ ነው" አለ።

በሳምንቱ ሩዝ ጥጄ ሳለሁ ገመዱ ጨሰ፤ መጋረጃውም ተያያዘ። ሮጬ ማብሪያውን አጠፋሁ፤ እሳቱን በጆንያ ደፈንኩት። ያመሰገነኝ የለም።

"ውሃ ደፍታበት ነው! ቤቴን ልታነደው!" አለ የአክስቴ ባል።

አክስቴ ዓይኔን ሳታይ "ቅዳሜ ወደ ኤረር ትመለስ" አለች። ከተመለስኩ ትምህርቴ እዚያው ላይ አበቃ።

ሐሙስ የተቃጠለውን መስመር ሊጠግኑ የመብራት ሠራተኛው መጡ። ሥራውን ኤደን ወደብ የተማሩ ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "አዴር" ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት። ከቦርሳቸው ሄልና መዳብ ይሸታል። የተቃጠለውን ገመድና የራሳቸውን ወፍራም ሽቦ ጫፍ ላጡና መስኮቱ ብርሃን ላይ ጎን ለጎን ያዙት።

"ይሄ ቀጭኑ አምፖል ብቻ ይችላል። ምድጃ ግመል ነው። አንተ ግመል በፍየል ገመድ ታስራለህ?"

"ልጅቷ ውሃ ደፍታበት ነው አልኩህ እኮ!"

አዴር አልተከራከሩም። ከዚያው ቀጭን ገመድ ጥቅል የተረፈውን አዲስ ቁራጭ ቀጠሉ፤ ምድጃውን ባዶውን ለኮሱት። "ማንም አይንካ። የዐስርን ሶላት ሰግጄ እመጣለሁ።" ልማዳቸው ይህ ነበር፤ በየሄዱበት ቤት ሽቦ የሚፈትኑት አንድ ሶላት በሚፈጀው ጊዜ ነው። ከጨሰ እንዳጠፋ እኔን ማብሪያው ጋ አቆሙኝ። በበሩ ቀዳዳ ግንባራቸው ምንጣፉን ሲነካ አየሁ።

ተመልሰው የእጃቸውን ጀርባ ገመዱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ የአክስቴን ባል እጅ ይዘው አስነኩት። ስላቃጠለው እጁን መንጭቆ ወሰደ።

"ውሃው የታለ?" አሉት።

አክስቴ ያኔ አየችኝ።

አዴር አጠፉና ከቆጣሪው ቀጥታ ለምድጃው ብቻ ወፍራም መስመር ዘረጉ፤ የራሱን ፊውዝ አደረጉለት። ምድጃውን እንደገና ለኩሰው ሄዱ፤ መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ ማንንም ሳያዩ ወደ እኔ መጡ።

"አባዮ፣ አንቺ ንኪ።" እህቴ ማለታቸው ነው፤ በዚያ ቤት እንዲያ ብሎ የጠራኝ አልነበረም።

ነካሁት። እንደ ማለዳ ግድግዳ ቀዝቃዛ ነበር።

"ከእንግዲህ ሲሞቅ ታውቂያለሽ" አሉኝ። "በዚህ ማንም አይዋሽሽም።"

ቅዳሜ ኤረር አልሄድኩም። የአክስቴ ባል ይቅርታ አላለኝም፤ እንዲያውም እንግዳ በመጣ ቁጥር "ወፍራም ሽቦ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ" ይል ነበር። እኔም ሻይ እያቀረብኩ እሰማ ነበር። ያኔ ግን እንዲያ አላለም። ይኸው ጻፍኩት።

አዴርን ግን አላመሰገንኳቸውም። ያኔ ምስጋና ከአፌ አይወጣም ነበር። መምህርት ሆኜ ጅጅጋ ስመለስ ይሠሩበት የነበረው ሱቅ ስልክ መሸጫ ሆኗል፤ የት እንዳሉ የነገረኝ የለም።

ትናንት ሱቅ ወርጄ ወፍራም ማራዘሚያ ገዛሁ። ካውያውን ሰክቼ፣ እኔ ሰጋጅ ባልሆንም፣ አንድ ሶላት የሚያህል ጊዜ ጎኑ ተቀመጥኩ። ከዚያ በእጄ ጀርባ ነካሁት።

"አዴር፣ አልሞቀም" አልኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።