የአሰብ ልጆች ስም ጥሪ በሲያትል

አርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። ዳትሰን መኪናዬ እንደ ልማዷ ሦስት ጊዜ አስለምናኝ በአራተኛው ተነሳች። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ አስቴር ሦስት ባዶ ፎርሞች በፕላስቲክ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ አንባቢዬ እንዳይደናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስቴር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አንሶላ ታጥባለች። አንድ ኮሌጅ ነርስነት ሊያስተምራት ፈቅዷል፤ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሷን ማሳየት አለባት። የምስክር ወረቀቷ ከአገር ስትወጣ መንገድ ላይ ቀርቷል። ወደ ተማረችበት ወደ አሰብ የጻፈቻቸው ሁለት ደብዳቤዎችም መልስ አላመጡም። የኮሌጁ የመዝገብ ቤት ሴትዮ በመጨረሻ አንድ ቀዳዳ ከፈተችላት፦ አብረዋት የተማሩ ወይም ያስተማሯት ሦስት ሰዎች ይፈርሙ፤ ነገር ግን የወዳጅ ፊርማ ብቻ ስለማያሳምነኝ፣ ትምህርት ቤቱን በእርግጥ እንደሚያውቁት የሚያሳይ ነገር ይጨምሩበት አለቻት። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፣ እስከ 10 ሰዓት። ካለፈ ሌላ አንድ ዓመት አንሶላ ነው።

"ፈተና ተፈትነሽ አዲስ ወረቀት ብታወጪስ?" አልኳት ሀይዌይ ስንገባ።

"የጨረስኩትን ለምን እንደገና እጨርሳለሁ?" አለችኝ። እኔም ወደ ሌክ ሲቲ ነዳሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ሌክ ሲቲ

ኑርያ ሱቋን ሳትከፍት መድረስ ነበረብን፤ ከተከፈተ በኋላ ከእሷ ጋር ማውራት ዘበት ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጨርቅ፣ ካሴትና በርበሬ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ወላጆቿ ከጉራጌ አገር ለንግድ አሰብ ወርደው እዚያው ወለዷት። ከአስቴር ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል።

"ከኋላ ፓርክ አድርገው፣ ከፊት ከሆነ ቶው አድርገው ይጎትቱብሃል" አለችኝና ትኩስ ሳምቡሳ በሰሃን አቀረበችልን።

ፎርሙ ላይ "አመልካቿን እንዴት ያውቋታል?" የሚል ጥያቄ አለ። ኑርያ እስክሪብቶውን ነከሰች።

"ሶ፣ ምን ልበል? ስም ሲጠራ እኔ፣ አስመላሽ፣ አስቴር፣ አብደላ... ቆይ፣ ከላይ ካልጀመርኩ አይመጣልኝም።"

ዓይኗን ጨፍና "ሀሊማ፣ ሀብቴ፣ ለተብርሃን፣ መሐመድ ኑር፣ መሐመድ አሊ" እያለች ወረደች። ሠላሳ አንድ ስም! ያለውን፣ የሞተውን፣ የት እንደገባ የማይታወቀውን ሁሉ ጠርታ ስትጨርስ ሳምቡሳው አፌ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፣ አሰብን ከካርታ በቀር አላውቃትም። ግን እኔም ብሆን በየጠዋቱ በሀሁ ተራ ስሜ እየተጠራ ነው ያደግኩት፤ ከፊቴና ከኋላዬ የነበሩትን ልጆች እስክሞት አልረሳቸውም።

"ኑርያ፣ እሱኑ ጻፊው፣ ከነቁጥሩ" አልኳት። ወደ አስቴርም ዞሬ "አንቺ ካሁን በኋላ ከመኪናው አትወርጂም። የቀሩት ሁለቱ ከአንቺ ጋር ሳይነጋገሩ፣ ይህን ወረቀትም ሳያዩ ይህንኑ ከጻፉ፣ ማን ውሸት ነው ይለናል?" አልኩ። በራሴ በጣም ኮራሁ፤ አልደብቅም።

ረፋድ 2 ሰዓት ተኩል፣ ዴ ሞይን

ቤንዚን ቀዳሁ። አውሮፕላኖቹ ጣሪያ ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም። የእነ ኑርያ የክፍል ጓደኛ ተክሌ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን አድሮ ገና መግባቱ ነው፤ ዕንቁላል በቃሪያ እየጠበሰ ተቀበለኝ። አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ይላል።

"ኦኬ፣ የስም ጥሪውን እጽፋለሁ። ግን አስቴር ምን አጥፍታ ነው መኪና ውስጥ የታሰረችው?"

በመስኮት እጁን አወዛወዘላት። ቆሞ እየጎረሰ ይጽፋል፣ በመሃል ያወራልኛል። በአሰብ ሙቀት ምክንያት ትምህርት የሚጀመረው ንጋት ላይ ነበር፤ 5 ሰዓት ሲሆን ይለቀቃሉ። የመርከብ ጡሩምባ ሲነፋ አስተማሪው አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። የሚጠጡት ውሃ በበርሜል ተገፍቶ ነበር የሚመጣው።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ሁለቱን ወረቀቶች አመሳከርኩ። ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ልክ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ከፈትያ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ ጌታቸው ብለዋል። በሀሁ ተራ 'ገ' ከ'ፈ' ይቀድማል እኮ! ሴትዮዋ ፊደላችሁን እንኳ አታውቁም ብትለንስ?

"ጌታቸው ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር" አለች አስቴር። "ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።"

ቀን 6 ሰዓት፣ ኦበርን

መጋዘን፣ ከመጋዘን ቀጥሎ ሌላ መጋዘን፣ ከባድ መኪና። የክፍላቸው ኃላፊ መምህር የነበሩት አቶ ይርጋ ከነዚህ መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ይደረድራሉ፤ ሥራ የሚገቡት 9 ሰዓት ስለሆነ ቤታቸው አገኘኋቸው። ሌሎቹ ምን እንደጻፉ ሳልነግራቸው ፎርሙን ሰጥቼ የክፍሉን ስም ዝርዝር እንዲጽፉልኝ ጠየቅኳቸው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ፊደሉን እየለቀሙ ጻፉ። ሠላሳ አንደኛው ጌታቸው።

"ቲቸር፣ ጌታቸው ለምን መጨረሻ ሆነ?" ስል ጠየቅኳቸው።

"መዝገቡን በቀለም ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ በኅዳር፣ ከደሴ ተዛውሮ መጣ። መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ አልወድም" አሉ፣ ትንሽ ሐፈር ብለው።

አሁን አስቴር እንድትወርድ ፈቀድኩ። ሮጣ ገብታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ ክንዷን ይዘው አስቀሯት።

"እንደምን ከረሙ፣ ቲቸር?"

"ደህና ነኝ ልጄ። ያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ግድግዳ ትዝ ይልሻል? ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው። ትልልቆቹን ዳስ ሥር ነበር የማስተምራቸው። የወደቡ ኩሊዎች እሑድ እሑድ ድንጋይ ተሸክመው ሦስተኛውን ክፍል ሠሩልን። አባትሽ አበበ አንድም እሑድ አልቀረም።"

አስቴር አቀረቀረች። እሳቸው ክራባታቸውን አሰሩና ስልኩን አነሱ። "ከሥራዬ ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ሲክ ኮል አደርጋለሁ" አሉ። በዚያ ክፍል በሚያናውጥ ድምፅ መታመማቸውን ሲናገሩ አለቃቸው ማመኑ ይገርመኛል።

9 ሰዓት ተኩል፣ ኮሌጁ

የአርብ ትራፊክ ነፍሳችንን አወጣው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ዝቅ አድርጋ ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋች። አማርኛ ስለማታነብ ማስመሪያ አምጥታ በየመስመሩ የፊደሉን ቅርጽ ከቅርጽ ታስተያይ ጀመር። አስቴር ሀሁን በሌላ ወረቀት ላይ ጽፋ ተራው እንዴት እንደሚሄድ አስረዳቻት። ሴትዮዋ መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄኛው ቦታው እዚህ አይደለም" አለች።

አቶ ይርጋ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ስህተቱ የእኔ ነው፣ እመቤት። ዘግይቶ ነው የመጣው" አሏት በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ ሦስቱንም እንደገና አየች፣ ከዚያ ማስመሪያውን አስቀመጠች። "የፈጠራ ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም ትክክለኛ ቦታው ላይ ታስቀምጡት ነበር" አለች፣ ማህተሟንም አነሳች። ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። አቶ ይርጋ አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ወንድ ልጅ አያለቅስም ማለቱን ተውኩት።

ሴትዮዋ የነርስነት ክፍሉን ዝርዝር ከመሳቢያ አወጣች። እዚህ አገር የሚቀድመው የአባት ስም ስለሆነ፣ ተራው በእነሱ ፊደል ሲሄድ "አበበ" ከሁሉም በላይ ነው። ከመጀመሪያው ስም በላይ በነበረው ባዶ ቦታ በእጇ ጻፈችው፤ አበበ፣ አስቴር።

አስቴር ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈች። "አባቴ ነው" አለቻት። "ወደብ ላይ 'አንተ ኩሊ' ነበር የሚሉት። በስሙ የሚጠራው አልነበረም።"

"ሰኞ ጠዋት" አለች ሴትዮዋ፣ "መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።"