ጠፍጣፋዋን የጫንኩ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ያሰርኩት ፒክአፕ ዳባት ሳይደርስ ገመዱ ላላ። እኔ ደግሞ በማሰር የሚበልጠኝ የለም ባይ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ጨነቅ ካምፕ ላይ ለቱሪስት በቅሎ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ። ድንኳኑን፣ ስንቁን፣ ድስቱን በበቅሎዋ ጀርባ አድርጌ በመጫኛ ጥፍር ካደረግኩት ዳገት ቢሆን ቁልቁለት ንቅንቅ አይልም ነበር። ደባርቅ ጋራዥ ስቀጠርም ያንኑ ሙያዬን ይዤ ገባሁ።

ፒክአፑ ሞተሩ ተበላሽቶ ጎንደር የሚሄድ ነበር። አይሱዙ ላይ ካወጣነው በኋላ ገመዱን በአፍንጫውና በጀርባው ላይ አሻግሬ፣ እግሬን ተክዬ፣ እስኪጮህ ድረስ ወጠርኩት። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ አወቀ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩኝ። ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡና "ና ውጣ" አሉኝ። ዳባት ልንገባ ስንል መኪናውን አስቆሙ።

"በል ገመድህን ነካ አድርገው።"

ነካሁት። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ወይ ጉዴ!

"በቅሎ ሞላ አላት?" አሉኝ።

"የላትም ጋሼ።"

"መኪና ግን ሞላ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጉድጓድ በገባች ቁጥር ሰውነቷ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ገመድህ ይላላል። ጎማዋ ግን ያው ነው። ካሰርክ ጎማዋን እሰር።"

ሾፌሩ ሲሳይ ሳቁን ለቀቀው። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!" አለ። እኔ ያን ጊዜም ቁጡ ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ። አራቱንም ጎማ እንደ አዲስ አሰርኩና እስከ ጎንደር አላናገርኩትም። ከሲሳይ ጋር እንዲህ ተዋወቅን፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያበሽቀኝ፣ ስበሽቅለት ኖርን።

ደባርቅ ላይ እኛ ክሬን አልነበረንም። መኪና የምንጭነው በጉብታ ነው። አይሱዙው ኋላውን ሰጥቶ ከጉብታው ይጠጋል፣ የኋላ መዝጊያው ይወርዳል፣ ከአፈሩ ወደ ካሶኒው ሁለት ወፍራም ሳንቃ ይዘረጋል፣ መኪናው በዚያ ላይ ይገባል። የደባርቁ ጉብታ በሬ ለመጫን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ጫፉ ላይ ሲደርስ ሆዱ ያርፍበታል። የዳባቱ ግን ረጅምና ዝርግ ነው፤ ምንም ዓይነት መኪና ሆዱ ሳይነካ ይወጣል።

ስለዚህ ከመጫን በፊት በሲባጎ ይለካል። የመኪናው ሆድ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ የጉብታው ጫፍ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ምን ያህል እንደሚያብጥ ይለካና ይተያያል። የሚተርፈው አንድ ጋት ከሆነ፣ ማለትም አራት ጣት ተገጥሞ የሚገባበት ከሆነ፣ እዚያው ደባርቅ ይጫናል። ከጋት ካነሰ የጋራዡ ሰው እየነዳው ወደ ዳባት ነው። ሕጉ ይኸው ነበር።

ሌላም ሕግ ነበር። ሲባጎውን የያዘ ሰው ያለው አይሻርም። ባለቤቱ ቢመጣ፣ አለቃው ቢመጣ፣ ያው ነው። ጋሽ አወቀ "በአንድ ጭነት ላይ ሁለት አፍ ከተከፈተ ሾፌሩ የማንን ይስማ?" ይሉ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሲባጎውን ለሌላ ሰው ከሰጡ በኋላ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም።

ጠፍጣፋዋ የመጣችው በዛሪማ በኩል ነው፤ ሊማሊሞን በካቦ ተጎትታ። ቀይ፣ ሁለት በር፣ ቁመቷ ከወገቤ የማያልፍ ስፖርት መኪና። ባለቤቷ ኢንጂነር ፍስሐ ለመንገድ ሥራ ወደዚያ የተመደበ ሰው ነበር። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ እንዲህ ያለች መኪና ያመጣ ሰው ጤነኛ ነው አልልም፤ ሰውየው ግን ጨዋ ነበር። ታርጋዋ አሮጌ ነውና አስለውጣለሁ ብሎ ሁለቱንም ፈትቶ ይዞ ሄደ። "በወሩ እመለሳለሁ" አለ። ሥራው ወደ ሌላ አገር አዛውሮት አራት ዓመት ቀረ።

ጋሽ አወቀ የሞተሯን ቴስታታ አውርደው፣ ገጥመው፣ በዓመቷ አስነሷት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በፊት ሸራዋን ይገልጣሉ፣ ያጥቧታል፣ ገብተው ያስነሷታል። ከግድግዳው እስከ በሩ ይነዷታል፤ ሃያ እርምጃ ነው። ከበሩ ላይ ደግሞ በኋላ ማርሽ ወደ ግድግዳው ይመልሷታል። አርባ ዓመት የሰው መኪና የጠገነ ሰው የራሱ ብስክሌት እንኳ አልነበረውም።

"ጋሼ፣ አንዴ እስከ ገበያው ብቅ ቢሉባትስ? ማን ያይዎታል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ታርጋ የላትማ!" ብለው ተቆጡኝ። "ታርጋ ያልተሰጠው መኪና ከበር አይወጣም። ታርጋዋ የመጣ ዕለት ግን ዳባት ደርሼ እመለሳለሁ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ይውሰዷት።"

ይህችን "ዳባት ደርሼ" የምትለዋን ነገር መቶ ጊዜ ሰምቼአታለሁ። ሲሳይ ሰምቷታል፣ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ሰምተዋታል፣ ዳቦ የምታመጣልን ልጅ ሳትቀር ሰምታታለች። የሚያሳዝነው፣ በተፈለገችበት ቀን እኔ ረሳኋት።

ኢንጂነሩ የመጣው በመጸው ነው፣ አፈሩ ደርቆ ጉብታው ሲጠነክር። ሁለት አዲስ ታርጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። የጠፍጣፋዋ ጎማ በመቆም ብዛት ስለደረቀ እስከ አዲስ አበባ አያስኬድም፤ እስከ ጎንደር እኛ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና እንዲጭናት ሲሳይን ከነአይሱዙው ተከራየ። ታርጋው ግን ከመጫኗ በፊት መታሰር ነበረበት። ታርጋ የሌለው መኪና ጭነህ ኬላ ብትደርስ፣ የተሰረቀ ነው ተብሎ ስታስረዳ ትውላለህ።

የኋላው ታርጋ ቦታ ስላለው በሁለት ብሎን ገባ። የፊቱ አስቸገረ። አፍንጫዋ ፕላስቲክ ነው፤ በትራፓን ቢበሳ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከላሜራ ቀጭን ማቀፊያ ቆርጬ፣ ከሥር ካለው የመጎተቻ ብረት ጋር አሰርኩት፤ ታርጋውን በማቀፊያው ላይ አደረግኩ። በታርጋውና በላሜራው መካከል ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩትን ላስቲክ አስገባሁ፤ ላስቲክ ከሌለው እየተንቀጠቀጠ ብሎኑን ይፈታዋል። ከእያንዳንዱ የብሎን ዳዶ ሥር ክብ ሮንዴላ፣ ከዚያ ሁለተኛ ዳዶ። ጋሽ አወቀ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። አልተነቃነቀም።

"እሰይ" አሉ። "አሁን መኪና ሆነች።"

ያን ቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለዓመት በዓል የሚለብሷትን ቡናማ ኮት ለብሰው ነው የመጡት። ጫማቸው ተወልውሏል። እኔ ለኢንጂነሩ ክብር መስሎኝ አለፍኩት። የመኪናዋ ቁልፍ በኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር፤ እጃቸውን እያስገቡ ይነካኩታል።

ከዚያ ሲባጎውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱና ሰጡኝ። "ደሴ፣ አንተ ለካ።"

እንዲህ ያለ ከባድ ጭነት ሁልጊዜ የሚለኩት እሳቸው ነበሩ። ልቤ አበጠ። አለቃዬ በመኪናዋ ባለቤት ፊት አከበሩኝ ብዬ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። የሚተርፈው ሦስት ጣት ነበር።

ሦስት ጣት! ዳባት ማለት ነው። አፌን ልከፍት ስል ያ ሲሳይ ከአይሱዙው መስኮት ራሱን አወጣ። "አትድከም ደሴ! ይቺ ላንተ አትሆንም። በቅሎ መሰለችህ?" አለ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩም ፈገግ አለ።

ደሜ ፈላ። "ታልፋለች!" አልኩ።

ጋሽ አወቀ አዩኝ። "ታልፋለች?"

"ታልፋለች ጋሼ! ሦስተኛ ሳንቃ እጨምራለሁ፣ ሁለት ጆንያ አፈር ከሥሩ እከታለሁ። ዳባት ድረስ ምን አስኬደን?"

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለኢንጂነሩ ሰጡት።

እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ጭኜ አላውቅም። ኢንጂነሩ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከፊት ሆኜ በእጄ እየመራሁት፣ ጣት በጣት አስገባናት። ሆዷ ጫፉን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ግን አልነካም። ማርሽ ውስጥ ከተትናት፣ የእጅ ፍሬን ሳብን፣ ለአራቱም ጎማ ከፊትና ከኋላ ታኮ አስገባሁ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ወደ ፊት፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ወደ ኋላ ወጥሬ አሰርኩ። ሰውነቷን ገመድ አልነካውም። ሰው አጨበጨበልኝ፤ እኔም እንደ ሙሽራ ተኮፈስኩ።

ጋሽ አወቀ ካሶኒው ላይ ወጡና የኋላውን ታርጋ በመሐረባቸው ጠረጉት። ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወርደው ወደ ጋራዡ ሄዱ።

ኢንጂነሩ በመጣበት መኪና ቀደመን፤ እኔና ሲሳይ ተከተልን። ከደባርቅ ልንወጣ ስንል እትዬ ጥሩወርቅ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። እጄን አውጥቼ ሰላም አልኳቸው። መጀመሪያ ላይኛዋን መኪና አዩ፣ ከዚያ እኔና ሲሳይ የተቀመጥንበትን አዩ። ሊያነሱት የጀመሩት እጃቸው ተመልሶ ወረደ።

"ሠርግ አለ እንዴ?" አለ ሲሳይ።

"ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ይሆናል" አልኩት።

ዳባት ደረስን። ጉብታው ባዶውን ነው፤ አንድ አህያ ቆማበታለች። ሲሳይ አየት አደረገና "ውይ! ጋሽ አወቀ ታርጋዋ ሲመጣ ዳባት ድረስ እነዳታለሁ ይሉ አልነበር?" አለ።

ኮቱ ታየኝ፣ ጫማው ታየኝ፣ ያ ወደ ኪስ የሚመላለስ እጅ ታየኝ። ሲባጎውን ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው ለክተው "ዳባት ነው" ቢሉ፣ ለመንዳት ሲሉ ነው ይባላሉ። ይሉኝታ ይዟቸዋል። እኔ ለክቼ እውነቱን ብናገር ግን ሕጉ ራሱ ይወስዳቸው ነበር። ከእኔ የተፈለገው መዋሸት አልነበረም፤ ሦስት ጣቱን ሦስት ጣት ማለት ብቻ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅም ጎረቤት ጠርተው የቆሙት ባላቸው እየነዱ ሲያልፉ ለማየት ነበር።

ጎንደር ለኢንጂነሩ ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘ። "ምነው ሳትነግሩኝ? ቁልፉን እሰጣቸው ነበር እኮ! አራት ዓመት የጠበቁልኝን ሰው!" አለ።

በማግስቱ ስመለስ ጋሽ አወቀ ቱታቸውን ለብሰው አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝተዋል። ጠፍጣፋዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ሸራው ተጣጥፎ ተቀምጧል።

"ደህና ገባችሁ?" አሉኝ ሳይወጡ።

"ደህና ገባን።"

"ገመዱስ?"

"አልላላም።"

"እንግዲያስ ደግ።"

አላስቻለኝም፤ መሬት ቁጭ አልኩ። "ጋሼ፣ ሦስት ጣት ነበር" አልኩ።

ብሎን የሚያጠብቁት እጃቸው ቆመ። "አውቃለሁ። ከኋላህ ቆሜ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ሲባጎው በአንተ እጅ ነበራ" አሉኝ። ከዚያ ቁጥር አሥራ ሰባት ቁልፍ እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። አቀበልኳቸው። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሱብኝም፤ እኔም ይቅርታ ለማለት ስል ስል ቀረሁ።

ጋሽ አወቀ ካረፉ ቆዩ። እኔም ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ሥራውን ትቼ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን ያ ሃያ እርምጃ የሚሄድ የሞተር ድምፅ ይናፍቀኛል። የሚቆጣኝ ሰው ይናፍቀኛል። ሲሳይ እየመጣ ይጠይቀኛል፤ የዚያን ቀን ነገር ግን ሁለታችንም አናነሳም። እትዬ ጥሩወርቅን መንገድ ላይ ሳገኛቸው እንደ ወትሮው ይስሙኛል፤ እኔ ግን ዓይናቸውን ቀና ብዬ ማየት ከብዶኛል።

አሁን በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች አንዳንዴ እየመጣችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የማውቀው ይህን ያህል ነው። ታርጋ ሲታሰር ከሥሩ ላስቲክ ይገባል፣ ዳዶው ሁለት ይሆናል። መኪና ሲጫን የሚታሰረው ጎማው ነው። አንድ ጋት ካልሞላ ወደ ዳባት ይኬዳል። ሦስት ጣት ጋት አይደለም።