ለደረቀ ሞተር የሞላሁት ዘይት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ነው። እስከ ዛሬ ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ከአእምሮዬ ያልወጣው ሞተሬ ስለተበላሸ አይደለም፤ ሞተርማ ብረት ነው። አንድ ሰው እኔ ላጠፋሁት ጥፋት እኔኑ ይቅርታ ስለጠየቀኝ ነው።

የምኖረው ላሊበላ ነው፤ ሥራዬ አስጎብኚነት። እንግዳ እንደ ልብ በሚመጣበት በደህናው ጊዜ ትንሽ አጠራቅሜ ደሴ ወረድኩና አንድ ስፖርት ሞተር ገዛሁ። እውነቱን ለመናገር ለላስታ ኮረኮንች የሚሆን ሞተር አይደለም። ዝቅ ያለ ነው፣ ነጂውን በደረቱ ያስተኛዋል። የሰፈሩ ሰው «ምን ጠፍቶህ ነው መሬት መሬቱን የምትፈልገው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን እወደው ነበር።

መካኒክ አላስነካውም። አንዴ አንዱ ቡሎን ሳያጠብቅ ሰጥቶኝ መንገድ ላይ ጉድ ሠርቶኛል። ከዚያ ወዲህ ዘይቱን የምቀይረው ራሴ፣ ግቢዬ ውስጥ ነው። በጥንቃቄ ከእኔ ወዲያ ላሳር ብዬ የምጎርር ሰው ነበርኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ትንሽ አሞቅኩት። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ አጥፍቼ ከሥር ያለውን ቡሎን ፈታሁና ጥቁሩን ዘይት ሳፋ ላይ አወረድኩት። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠበቅኩ። ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ቡሎኑን አጠበቅኩ፣ የፈታሁትን የፕላስቲክ ሽፋን መልሼ ገጠምኩ፣ በጨርቅ ወለወልኩት። የተቃጠለውን ዘይት አንድ ጎረቤት የቤቱን ምሰሶ ከምስጥ እንዲጠብቅለት ሊቀባው ፈልጎ ከነሳፋው ወሰደው። የቀረኝ አዲሱን ዘይት መሙላት ብቻ ነበር። እሱም እንደታሸገ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

ይሄኔ የቅሬው ጡሩንባ ተነፋ።

ቅሬ የምንለው እድራችንን ነው። ጡሩንባው ሲነፋ እኛ ዘንድ ሰው በእጁ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። የሰፈራችን አንዲት አሮጊት አርፈው ነበር። እኔ ደግሞ መቃብር ለመቆፈር ተረኛ ነኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ «እንግዳ አለብኝ» ብዬ ቀርቻለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ብቀር ስሜ በሰው ፊት ይነሳል። ስለዚህ የሮጥኩት ለሟቿ አዝኜ ብቻ አይደለም። እጄን ታጠብኩና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ቁልፉን ከሞተሩ ላይ አልነቀልኩም። ለባለቤቴም ምንም አላልኳት።

ካሳሁን ከእኛ ሦስት ቤት ወዲያ ይኖራል። የእንጨት መስቀል እየቀረጸ ለእንግዶች የሚሸጥ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አባቱ ከከተማው ራቅ ብሎ ብልባላ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። እሳቸው የመረጡለትን ትቶ የወደዳትን ስላገባ «ምርቃቴን አታገኝም» ብለው ከደጃቸው ከመለሱት አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ስንት ሽማግሌ ቢልክባቸው አሻፈረኝ ብለዋል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን እህቱ ደወለችለት። አባቱ ታመው በጣም ደክመዋል፤ «ጥሩልኝ፣ ልመርቀው» ብለዋል።

ገበያ ቀን ስላልነበረ ወደዚያ የሚሄድ መኪና አልነበረም። ካሳሁን እየሮጠ እኛ ቤት መጣ። ባለቤቴ ወደ ለቅሶው ልትወጣ ስትል ደጃፍ ላይ አገኛት። ሞተር መንዳት ያውቃል፤ ከዚያ በፊትም አውሼው አውቃለሁ። «አብሽር፣ እሱ ቢኖርም አይከለክልህም፣ ውሰደው» አለችው። ቁልፉ እንደተሰካ ነው። ሞተሩ ተወልውሎ፣ ተገጣጥሞ ቆሟል። ዘይት እንደሌለው በምን ይወቅ?

ቀብሩ አልቆ ቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ግቢው ባዶ ነው።

«ሞተሩስ?» አልኳት ባለቤቴን።

«ካሳሁን ወሰደው። አባቱ ሊመርቁት ጠሩት እኮ! በስንት ጊዜው እሺ አሉ።»

መስኮቱን አየሁ። ዘይቱ እንደታሸገ ነው።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ዘይት አልሞላሁበትም» ስላት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ደጋግሜ ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሰማሁት ኋላ ነው። ሞተሩ ከከተማ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ክፉኛ ጮኸና ቀጥ አለ። ካሳሁን መንገድ ዳር ላሉ ሰዎች አደራ ሰጥቶ በእግሩ ገሰገሰ። ውስጥ እግሩ ተልጦ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰ። አባቱ ያረፉት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ መስኮቱን ባየሁበት ሰዓት ማለት ነው። እህቱ እንደነገረችው እስከ መጨረሻው «መጣ?» እያሉ በሩን ያዩ ነበር።

ሞተሩን በማግስቱ አንድ አይሱዙ ጭኖ አመጣልኝ። አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም። ሹፌሩ እንደሄደ የግቢዬን በር ዘጋሁና ለደረቀው ሞተር አዲሱን ዘይት ሞላሁበት። ልኩን ጠብቄ፣ አንድ ጠብታ ሳላፈስ። ከዚያ ያንን የማላምነውን መካኒክ ጠራሁት። ፈታትቶ አየና «ዘይቱ ሙሉ ነው፣ አዲስም ነው። የጨረሰው ነጂው ነው፤ ያለ ማርሹ ዳገት አስወጥቶት» አለ። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። እኔም ዝም አልኩ።

ባለቤቴ «ንገረው» አለችኝ።

«ሐዘን ላይ ነው፤ አርባው ይውጣ» አልኳት።

አርባው በወጣ በሳምንቱ ካሳሁን ራሱ መጣ። ከፊቱ የንስሐ አባቱና አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። እሱ ከኋላቸው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። እኛ አገር በዳይ የበደለውን ሰው የሚለምነው እንዲህ ነው።

«ልጄ፣» አሉኝ አባ፣ «ይኸ ወንድምህ ንብረትህን አጥፍቶብሃል። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለው።»

ካሳሁን እንዳቀረቀረ ተናገረ። «አልዋሽህም፤ ቀይ መብራት በርታ አይቻታለሁ። ልቤ አባቴ ዘንድ ስለነበር ዝም ብያት ነዳሁ። ቆም ብዬ ባያት ኖሮ ሞተሩም አይጠፋ፣ እኔም እደርስ ነበር። አባቴ ሳይመርቀኝ ቀረ። አንተ እንኳ አትቀየመኝ።»

ያቺ ቀይ መብራት ዘይት አልቋል ማለት ናት። እሱ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። «አባ፣ ድንጋዩን ለእኔ ያሸክሙኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ስለ ሞላሁት ዘይት አሰብኩ፤ መካኒኩን አሰብኩ፣ ሰፈሩ የሚለኝን አሰብኩ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

አባ መስቀላቸውን አሳልመው መረቁን። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ ያወረድኩለት በዚህ በገዛ እጄ ነው። ጉልበቴን ሊስም ዝቅ ሲል ባለቤቴ ለእንግዶቹ ልትቀዳ የያዘችውን ጠላ መሬት አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን አላናገረችኝም። አሁንም የምታናግረኝ ስለ ቤት ጉዳይ ብቻ ነው።

ሞተሩ ሸራ ለብሶ ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ላሠራውም ልሸጠውም አልቻልኩም። ካሳሁን ባገኘኝ ቁጥር ቀድሞኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። ለገና ራሱ የቀረጸውን መስቀል አምጥቶ ሰጥቶኛል፤ «ስላልተቀየምከኝ» ብሎ። ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ዓይኔ እንዲያርፍበት አልፈልግም።

አንዳንዴ «ብነግረውስ አባቱን አይመልስለት» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ውሸቴን ነው። ብነግረው ቢያንስ «በራሴ ጥፋት ቀረሁ» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ራሱን አይበላም ነበር። ይህን እያወቅኩ ዝም ያልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህን ስጽፍ ስሙንም ሥራውንም ለውጫለሁ። ቀይዋን መብራት ግን አልለወጥኳትም። ካነበበ ያውቃታል።