ጳጉሜን ብቻ ላኪልኝ

የሌንሳ እናት አሰፋች ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ፈረቃዋ ስለሚቀያየር ሌንሳ ስልኳ ላይ አንድ አስታዋሽ አፕ ጫነችላት፤ ነጻ ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ይሠራል። ይሠራል ማለት እንግዲህ እስከ ነሐሴ ሠላሳ ነው። ዓምና ጳጉሜን ሲገባ ስልኩ ጭጭ አለ፤ እሱ ከነሐሴ ቀጥሎ የሚያውቀው መስከረምን ብቻ ነዋ! አሰፋች ደወሉን ስትጠብቅ የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሏት ሄደ፤ አለቃዋም «ሁለተኛ ብትቀሪ ወደ ቤትሽ» አላት። ሌንሳ ሌላ ደወል ልሙላልሽ ብትላት፣ «ኮምፒዩተር የተማርሽው ለምን ሆነና! አንቺው አበጂው» ብላ ዘጋች። እናት እንዲህ ካመነች በኋላ ምን ይባላል?

እውነትም አፑን ማበጀት ይቻላል። አፑ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ይጠብቁታል፣ የሚያሻሽል ሰው ሥራውን ይልክላቸዋል። መመሪያ ግን አላቸው። ከመጀመርህ በፊት ሐሳብህን ንገረን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ላክ፣ እንዴት እንደሞከርከው ጻፍ ይላል። ሌንሳ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንብባም ባደገችበት ሄደች።

አስቀድሞ መጠየቁን ይሉኝታ ከለከላት፤ የማታውቀውን ሰው በምን አፏ ታስቸግር? ጳጉሜንን ብቻ መላክ ደግሞ ሰው ቤት ባዶ እጅ እንደ መግባት መሰላት። ስለዚህ ቀለሙን አሳመረች፣ የበዓላት ዝርዝር ጨመረች፣ ቁልፎቹን አከበበች፣ የሌሎች ሰዎችን ኮድ ሳይቀር አስተካከለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው። ክረምቱን ሙሉ ለፍታ ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልላ ላከችው።

መልሱ የመጣው ድሬዳዋ ካለችው ናዕማ ነው፤ የሚላኩትን ሥራዎች የምታየው እሷ ናት። «ስለ ድካምሽ በጣም እናመሰግናለን። እንዲህ ተደባልቆ ግን መቀበል አንችልም» ይላል፤ ከሥሩም «ተዘግቷል» የሚል ምልክት።

ሌንሳ ክው አለች። ስጦታዋን ከነዘንቢሉ ደጅ የወረወሩባት መሰላት። ነሐሴ እየተገባደደ ነው፤ እሷ ግን አኩርፋ መልስ እንኳ አልሰጠችም። እናቷ «እንዴት ሆነልሽ?» ስትላት «እየሠራሁት ነው» እያለች ዓይኗን ትሰብራለች።

ናዕማ ባትሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ቀርቶ ነበር። ሌላ መልእክት ላከች።

«ሌንሳ፣ ጠፋሽ። የዘጋሁት በአንቺ ላይ አይደለም፣ በክምሩ ላይ ነው። የተቀበልኩት ነገር ቢበላሽ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ቀለሙ ይሁን ቁልፉ ወይስ ጳጉሜን ያበላሸው በምን እለየዋለሁ? ሌላውን በኋላ፣ አንድ በአንድ እናየዋለን። አሁን ጳጉሜንን ብቻ ላኪልኝ። ለምን እንዳስፈለገሽም ጻፊልኝ።»

ሌንሳ ስለ እናቷ ሁሉንም ጻፈችላት። ከዚያ ያን ሁሉ ጌጥ እያነሳች ጣለችው፤ የቀረው የስልክ ገጽ እንኳ የማይሞላ ኮድ ነው። «እርስዎ እንዳሉኝ አድርጌያለሁ» ብላ ላከች።

«እርስዎ የሚባሉት እናቴ ናቸው፤ እኔን አንቺ በይኝ» አለች ናዕማ። «ይልቅ ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት ሞክረሻል?»

አልሞከረችም። ብትሞክረው ስድስተኛዋ ቀን የለችም! ሌንሳ ሳቋ መጣ፤ ሰውን መጠየቅ አያሳፍርም፣ በሰው መጠየቅም አያስኮርፍም ለካ። አስተካክላ፣ አሞካከሯን ጽፋ ላከች። ናዕማ ተቀበለችው፤ አዲሱም አፕ ነሐሴ ሳያልቅ ለሁሉም ተለቀቀ።

ጳጉሜን አንድ ማለዳ የአሰፋች ስልክ ጮኸ። ወዲያው በግድግዳው ማዶ የጎረቤት ስልክ ጮኸ፤ ከላይኛው ፎቅም ሌላ። የኮሪደሩ በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። ሌንሳ ያሰበችው ለአንዲት እናቷ ነበር፤ እዚያው ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት የፋብሪካው ሴቶች ሁሉ ያንኑ አፕ ከአሰፋች ተቀባብለውት ኖሯል። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ናዕማን ምን ብላ እንደምታመሰግን ግራ ገባት።

ጥቂት ቆይቶ እናቷ ደወለች።

«ሰርቪሱ ላይ ነኝ። ያች የረዳችሽ ልጅ ስሟ ማነው? በስሟ ልመርቃት።»

«ናዕማ ትባላለች እማዬ።»

«ናዕማ፣ የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ! እንዳሰብሽልን ይታሰብልሽ!»

ሰርቪሱ ሙሉ ሴት በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ።