ሲነሡ እልል የማይሉት ሴትዮ

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ የአውሮፕላን ወዳጆች በዓመት አንዴ ሲሰበሰቡ ዝም የሚል ፍጥረት የለም። ትንሿ አውሮፕላን መሬት ስትለቅ ሕዝቡ እልልታውን ያቀልጠዋል፤ የጮቄ ተራራ ደመና ደንግጦ ወደ ደምበጫ የሚሸሸው ያኔ ነው።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሴትዮ ግን አፋቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቆልፈዋል። ነጠላቸው ንጹሕ ነው፤ ጥቁር ጃንጥላቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። እጃቸው ላይ እስከ ክርናቸው የሚንሸራተት የወንድ ሰዓት አስረዋል።

“እማማ!” አለ አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያው። “እልልታዎን ቤት ረስተውት መጡ እንዴ?”

ሕዝቡ አውካካ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት “ኧረ ዝምታዎ ሟርት ነው፣ እልል ይበሉ!” ብላ ጎሸመቻቸው።

“አልልም!” አሉ፤ ያለ ድምፅ ማጉያ አማኑኤል ከተማ ድረስ ተሰሙ። “አንድ አብራሪ ሲነሣ እልል ብዬ ሸኝቼው ነበር። እስከ ዛሬ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ እልል የምለው ላረፈ ብቻ ነው።”

ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንገታቸውን አቅንተው ሰማዩን ጠበቁ። ሕዝቡ ግን ሰልችቶት ወደ ጥብሱ ድንኳን ፈለሰ። አውሮፕላኗ እየተንገጫገጨች አርፋ ስትቆም፣ ሴትዮዋ ብቻቸውን ተነሥተው እልልታውን ለቀቁት። አስተዋዋቂው ጉርሻውን እንደያዘ ዞረ።

“ይኸው፣ ያውቁበታል ለካ!” አለ። “ሁለተኛዋም አውሮፕላን ልትነሣ ነው፤ በዚያው ይቀጥሉ እንጂ!”

ሴትዮዋ ተቀመጡና ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ።