የሞላሁት ውሃ

ዛሬ አባዬን ይዤ በሂሊያርድ ከተማ ስነዳ፣ ማስክ ያደረገ ሰውዬ ካምፐሩን፣ ያን በመኪና የሚጎተት ቤት፣ የጭነት መኪኖች መመዘኛ ሚዛን ላይ ሲያቆም አየን።

አስራ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ የታመመችው እናቴ ሐይቅ ማየት ስለተመኘች አባዬ አሮጌ ካምፐር ገዝቶ ዕቃችንን ጫንን። እንዲህ ያለ ሚዛን ላይ ስናቆመው ግን ከልክ በላይ ከበደ።

«ፍሬኑ አይችለውም። ዕቃ ቀንሰን ቅዳሜ እንሄዳለን» አለ አባዬ።

«ግድ የለም፣ ሐይቁ የት ይሄዳል?» ብላ እናቴ ሳቀች።

እኔ ግን መንገድ ላይ እግሯን ላጥባት ብዬ፣ «እንዳትሞዪው» የተባልኩትን የካምፐሩን የውሃ ታንከር በድብቅ ሞልቼው ነበር። ውሃውን እዚያው ብናፈሰው ክብደቱ ቀንሶ እንሄድ ነበር፤ ቁጣ ፈርቼ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ሳይደርስ እናቴ አረፈች።

አባዬ በመስኮቱ ሚዛኑን እያየ፣ «ያን ቀን ዝም ብዬ መንዳት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«አባዬ...» አልኩት።

«አቤት ልጄ?»

«ምንም።»