አፍ የሚያስይዘው ቴርሞሜትር

በሆስፒታሉ የሴቶች መኝታ ክፍል ነርሷን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሲስተር ጥድፊያ ናት። ስትራመድ ነጠላ ጫማዋ ከኋላ ሮጦ የሚደርስባት ይመስላል። መርፌ የወጋቻት ታማሚ "ወይኔ!" ስትል እሷ ሌላ አልጋ ጋ ደርሳለች። ክፉ ግን አይደለችም። ሐሜት እንኳን ክፉ ናት ብሏት አያውቅም፤ ሐሜት ደግሞ ለማንም አይራራም።

አንድ ዘዴ ነበራት። ወሬኛ ታማሚ ስትገጥማት ቴርሞሜትሩን ከታማሚዋ ምላስ ስር ሰክታ አፏን ታስገጥማታለች። ትኩሳቱም ይለካል፣ ክፍሉም ጸጥ ይላል። የክፍሉ ዜና አቅራቢ፣ ወለል የምትወለውለው ሴትዮ፣ "ይቺ ልጅ እኮ መልአከ ሞት ቢመጣ 'ምላስህን አንሳ' ትለዋለች!" እያለች ሰዉን ታስቃለች። ሲስተርም አብራ ትስቅ ነበር።

መስኮቱ ስር የተኙት አሮጊት ልብስ ሰፊ ግን ወሬኛ አልነበሩም። አንድ ጠዋት ለሆዳቸው ኦፕሬሽን ሊወስዳቸው አልጋ ገፊው በር ላይ ቆሟል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲስተር ደግሞ ትኩሳታቸውን መለካት ረስታ ኖሯል።

"እማማ፣ የሚያጉረመርሙትን ሲመለሱ ይጨርሱታል። ምላስዎን ያንሱ!"

ሰካችው። ሊናገሩ ሲሞክሩ መስታወቱ ጥርሳቸው ላይ ቅጭ አለ።

"ኧረ እንዳይሰበር!" ከንፈራቸውን በጣቷ ገጠመች።

ለክታ ስትጨርስ አልጋው ተገፋ። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ትንሿን ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጭብጥ አድርገው እንደያዙ ሄዱ።

"ምነው ሲስተር!" አለች ወልዋይዋ። "እየጸለዩ እኮ ነበር። ልጆቻቸውን በየጣታቸው እየያዙ አንድ በአንድ ነው ለፈጣሪ አደራ የሚሰጡት። ትንሿ ጣት የመጨረሻው ልጅ ነው፤ ከቤት ወጥቶ ድምፁ የጠፋው።"

"አንቺ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ስስቅ ነበራ!"

ሲስተር ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስታሰላስል ዋለች። እማማ ከኦፕሬሽኑ ሳይነቁ ቢቀሩ፣ ያ ልጅ ከእናቱ ጸሎት የቀረው በእሷ ጣት ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ደግነቱ ነቁ። በማግስቱ ጠዋት ሲስተር የይቅርታ ቃሏን ስታላምጥ አድራ ወደ መስኮቱ ሄደች። እማማ ጣታቸውን ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ሲሰሙ ጸሎታቸውን አቋረጡ፤ አፋቸውን ከፈቱና ምላሳቸውን አነሱላት።



ቴርሞሜትሩን ኪሷ ከተተች። "ይጨርሱ፣ እማማ" ብቻ ብላ መጋረጃውን ስባ ውጭ ቆመች። ወዲያው ሐኪሙ ተከታዮቹን አግተልትሎ ደረሰ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሰው ይዘዋል፣ ዶክተር።"

"የመጠየቂያ ሰዓት ደረሰ እንዴ?"

"ለእሳቸው ደርሷል።"

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ በማንም አፍ ውስጥ ቴርሞሜትር ሳይኖር። ከመጋረጃው ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ልጄ?"

"አቤት እማማ።"

"ገና ነኝ። ትንሹ ላይ ነኝ።"

"ይቆዩበት።"

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ ሲስተር ጥድፊያ ወለሉን። እግሯ ግን ንቅንቅ አላለም።